ማንኪያው በማን እጅ ነው?

ስኳር ቀንሱ ብሎ መምከር ከሥራዬ ሁሉ ቀላሉ ነው። ጎንደር ውስጥ በስኳርና በደም ግፊት ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ምክሬን ሰምቶ እምቢ ያለኝ ሰው አላስታውስም። «እሺ ሲስተር» ብለው ይወጣሉ። ችግሩ፣ እሺ ያለኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማንኪያውን የሚይዘው እሱ አለመሆኑ ነው።

እኔ በምኖርበት በቀሐ አካባቢ ሻይ ቤት ብትገቡ ብርጭቆው ስኳሩ ከታች ተደልድሎ ይመጣላችኋል። በየቤቱ ደግሞ ሻዩ ከነስኳሩ ፈልቶ ፔርሙዝ ውስጥ ይቆያል። ቡናውም ቢሆን ስኳሩ ቀድሞ ስኒው ውስጥ ይገባል፤ የምትለካው ቀጂዋ ናት። እንግዳ ከሆናችሁማ ልኩ ይጨምራል። አንዲት እናት ፊት ለፊት ነገሩኝ፦ «ለራሴስ መራራውን ልጠጣ፤ ለሰው መራራ ቡና ሰጥቼ ምን ሊሉኝ ነው?» እውነታቸውን ነው። ስኳር በሸማች ማኅበር በኮታ ሲታደል፣ ሰው ኪሎዋን ለማግኘት ተሰልፎ ሲውል አይተናል። እንዲህ ተለፍቶ የመጣ ነገር ለእንግዳ ሲያንስ ስስት ይመስላል።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጁ የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነው። እኩያሞች ናቸው፤ አንዱ ያጣፍጣል፣ ሌላው ያክማል።

የስኳሩን ሒሳብ ከታካሚዎቼ ጋር አብረን እንሠራዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በቀን 2000 ካሎሪ የሚመገብ ሰው ከምግብና ከመጠጥ ጋር የሚጨመረው ስኳር ከ50 ግራም ማለፍ የለበትም፤ ወደ 25 ግራም ቢወርድ ደግሞ የተሻለ ነው። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ይይዛል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየስኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ ቢገባ 24 ግራም ሆነ። ቁርስ ላይ የተጠጣው ሻይ ገና አልተቆጠረም፤ ማንኪያውም ልሙጥ ከሆነ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን 30 ግራም ያህል አለው። ማርም ከዚሁ ሒሳብ አያመልጥም። «ማር እኮ የንብ ነው» ብለው የሚከራከሩኝ አሉ፤ ንብ ብትሠራውም መመሪያው ከስኳሩ ጋር ይደምረዋል።

ስለዚህ አሁን ምክሬን ለታካሚው ብቻ አልሰጥም፤ ቡና የምታፈላው ሚስት፣ እህት ወይም ልጅ አብራው እንድትመጣ እጠይቃለሁ። የምላት ብዙ አይደለም። ሻዩን ያለ ስኳር አፍልተሽ ቀረፋና ቅርንፉዱን አጠንክሪው፤ ስኳሩን በሳህን ለብቻው አቅርቢው፤ የፈለገ ራሱ ይጨምር። ይህ እንግዳንም አያስከፋም። ሻይ ቤት ለሚውሉት ደግሞ «አታማስሉት» እላለሁ፤ ከላይ ከላይ ጠጥቶ ከታች የረጋውን ትቶ መነሳት ያዋጣል። ከሦስት ማንኪያ በአንድ ቀን ወደ ባዶ የሚወርድ ሰው ቶሎ ይመለሳል፤ በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ የሚቀንሰው ግን ምላሱ ቀስ እያለ ይለምድለታል፤ ኋላ የድሮው ሻይ ራሱ ይሰለቸዋል። ከገጠር የሚመጡት «እኛ ቡና በጨው ነው የምንጠጣ» ሲሉኝ ደስ ይለኝና፣ የግፊታቸውን ካርድ ሳይ ደስታዬ ይቀዘቅዛል።

ከሁሉም የሚያስቸግረኝ ጠያቂ ነው። በስኳር የተኛ ሰው አልጋ አጠገብ የሚደረደረውን ተመልከቱ፦ የታሸገ ጁስ፣ ማልት፣ ለስላሳ። ያመጡት ሁሉ ሲወዱት ነው፤ በሽተኛውም ሳይቀምስ ቢቀር ማስቀየም ይመስለዋል። ለጥምቀት የቀሐ ወንዝ የፋሲልን መዋኛ ሲሞላው ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ በየቤቱም የለስላሳ ሳጥን ይገባል። ከበዓሉ በኋላ ባለው ክትትል ልኬቱ ከፍ ብሎ ማየት አዲስ አይሆንብኝም። ለጠያቂ የምለው ይህን ነው፦ ውሃ ወይም አምቦ ውሃ ይዛችሁ ኑ፤ ከምንም በላይ ግን ቁጭ ብላችሁ አጫውቱት።

ይህ ሁሉ ወሬ የማይመለከታቸው ታካሚዎችም አሉኝ። ከወገራ፣ ከደምቢያ የሚመጡ ቀጫጭን ወጣት ገበሬዎች፤ ከጅምሩ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው፤ ቤታቸው ስኳር ከዓመት በዓል ውጭ የማይታይ። የጎንደር ሐኪሞች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና መነሳት የለበትም ወይ ብለው የጠየቁት እንዲህ ያሉትን ገጠሬዎች አይተው ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ይህን በሽታ ዓይነት 5 ብሎ የተቀበለው በ2025 እ.ኤ.አ. ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ «ጣፋጭ አብዝተህ ነው» ማለት በድህነቱ ላይ ስድብ መጨመር ነው፤ ጎረቤት ሲለው ግን እሰማለሁ።

ለእሱ የምሰጠው ምክር እንዲያውም ተቃራኒ ይመስላል፦ ስኳር ከኪስህ አይጥፋ። ኢንሱሊን ወግቶ እርሻ ላይ ውሎ፣ ምግቡ ዘግይቶ፣ እጁ ሲንቀጠቀጥና ላብ ሲያጠምቀው ሦስት አራት ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት አለበት። አንዱ ይህን ነግሬው ሲያበቃ ቀና ብሎ «ሲስተር፣ ስኳሩንስ ከየት ላምጣው?» አለኝ። ከረሜላም ይሆናል አልኩት፤ አራት አምስቱን በወረቀት ጠቅልለህ ያዝ፤ ሲመጣብህ አኝክ፣ በሩብ ሰዓት ካልተሻለህ ድገም፤ ሲሻልህ እንጀራም ቆሎም ያገኘኸውን ቅመስ። አብሮት የመጣውን ወንድሙንም ጠርቼ ደገምኩለት፤ ይህ ሲመጣበት እሱ ራሱ መናገር ላይችል ይችላል።