መጠጥ ቤቶቻችንን እንወቅ

በገበያ ቀን ሆሳዕና የምንገባ ብዙ ነን። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ይህች ከተማ ከየገጠሩ የመጣውን ሁሉ ትቀበላለች። እህላችንን ሸጠን ስናበቃ ጉሮሯችን ይደርቃል። «ኑ፣ አረፍ በሉ» የሚል ቤትም አይጠፋም። በሾኔም፣ በዱራሜም፣ በሺንሺቾም ያው ነው። ግን መጠጥ ቤት ሁሉ አንድ ነው እንዴ? አይደለም። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ቦርዴ ቤት፦ ቦርዴ ከበቆሎ፣ ከማሽላ ወይም ከገብስና ከብቅል የሚዘጋጅ ወፍራም መጠጥ ነው። ጌሾ አይገባበትም። ቶሎ ስለሚኮመጥጥ ብዙ አይቆይም። ሆድ ስለሚይዝ እንደ ምሳ የሚቆጥረው ሠራተኛ ብዙ ነው።

ጠላ ቤት፦ ጠላ በብቅልና በጌሾ ይጠመቃል። በር ላይ እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ካየን «ጠላ አለ» ማለት ነው። ጠማቂዋ አብዛኛውን ጊዜ ልጆቿን በዚሁ ሥራ የምታሳድግ ሴት ናት። አተላው እንኳ ለከብት ይሸጣል።

ጠጅ ቤት፦ ጠጅ ከማር ይጣላል፤ በብርሌ ይቀርባል። ስለሚጣፍጥ ኃይሉ አይታወቅም፤ ስንነሣ ግን እግራችን ይነግረናል።

ግሮሰሪ፦ እዚህ የሚሸጠው የፋብሪካ ቢራ ነው። ወጣቱ ኳስ እያየ ያመሻል።

አረቄ ቤት፦ መለኪያው ትንሽ ነው። ጣጣው ግን ትልቅ ነው።

ሻይ ቤት፦ በሐዲያና በከምባታ ከወንጌል አማኞች ብዙዎቹ አልኮል አይጠጡም። ወሬውም፣ ሽምግልናውም፣ የንግድ ስምምነቱም በሻይና በቡና ያልቃል። ስለዚህ ለመጫወት መስከር ግድ አይደለም።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ጠላው ከመቶ 4 እጅ አልኮል አለው እንበል። ግማሽ ሊትር፣ ማለት 500 ሚሊ ሊትር፣ ብንጠጣ 20 ሚሊ ሊትር አልኮል ጠጣን። አረቄው ደግሞ ከመቶ 40 እጅ ቢሆን፣ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ያንኑ 20 ይሰጠናል። እንግዲህ አንዷ ትንሽ መለኪያ ከትልቁ ጣሳ እኩል ናት! «ትንሽ ነው የቀመስኩት» የሚለው ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል።

መጠጥ ቤቶች ይዘጉ አንልም። የጠማቂዋ ልጆች ደብተር የሚገዛው ከእነዚህ ቤቶች ነው። ግን የእኛም ልጆች ደብተር ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከገበያ ስንወጣ መጀመሪያ የቤታችንን አስቤዛ እንግዛ፤ የልጆቹን ገንዘብ ለብቻ እንቋጥር። ከዚያ የምንገባበትን ቤት፣ የምንይዘውንም መለኪያ ዐውቀን እንቀመጥ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በእግራችን ቤታችን የገባን እንደሆነ፣ የገበያ ቀናችን መልካም ነበር ማለት ነው።