የማያመው ቁስል
የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩን እንዴት ይጠብቅ?

በቤትዎ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ካለ በየቀኑ የሚነሱት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ሻይው ውስጥ ስኳር ገባ ወይ? መድኃኒቱ ተዋጠ? የጠዋቱ ልኬት ስንት መጣ? ስለ እግር ግን የሚጠይቅ ብዙም የለም። እናትዎም ሆኑ አባትዎ ካልሲያቸውን አውልቀው «እስቲ እግሬን እዩልኝ» አይሉም፤ ስለማያማቸው ነው። አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

በዓለም አቀፍ ጥናቶች መሠረት የስኳር ሕመም ካለባቸው ሰዎች ከ19 እስከ 34 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው የእግር ቁስል ሊገጥማቸው ይችላል። በዚህ ሕመም ምክንያት እግራቸው የሚቆረጥ ሰዎች ታሪክ ሲጠየቅም፣ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ትንሽ ቁስል ሆኖ ይገኛል። ደስ የሚለው ነገር፣ ብዙዎቹን ቁስሎች ቤት ውስጥ በሚደረግ ጥንቃቄ መከላከል መቻሉ ነው።

ለምን እግር?

በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቮችን ይጎዳል። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚጀምረው ከረጃጅሞቹ ነርቮች ጫፍ፣ ማለትም ከእግር ጣቶች ነው። መጀመሪያ በተለይ ማታ ማታ ያቃጥላል፣ ይጠቀጥቃል ወይም ይደነዝዛል። እያደር ስሜቱ ይጠፋል። ማቃጠሉ ሲቆም «ተሻለኝ» የሚሉ አሉ፤ ነርቩ ግን ጭራሽ ሥራውን አቁሞ ሊሆን ይችላል።

ጫማዎ ውስጥ ጠጠር ቢገባ ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ ቆመው ያራግፉታል። የእግሩ ስሜት የጠፋ ሰው ግን ጠጠሩን እንደረገጠ ቀኑን ሙሉ ሊውል ይችላል። በዚያ ላይ ስኳር የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ወደ እግር የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የተጎዳው ነርቭ ላብንም ስለሚቀንስ ቆዳው ይደርቃል፣ ተረከዙ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ለተሕዋስያን በር ይከፍታል።

የማታ አምስት ደቂቃ

የወላጅን እግር ማጠብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ልጆች ማታ የአባታቸውን፣ የእንግዳውንም እግር ሲያጥቡ ያደግን ብዙ ነን። ይህ መልካም ልማድ የስኳር ሕመም ባለበት ቤት መድኃኒትም ይሆናል።

ውሃው ለብ ያለ ይሁን። ሙቀቱን የሚፈትነው ግን ታማሚው በእግሩ ሳይሆን ሌላ ሰው በክንዱ ነው። በሙቅ ውሃና በጨው ለረጅም ጊዜ መዘፍዘፍ ድካም ያወጣል ቢባልም ቆዳን ያደርቃል፤ ስሜት የሌለውን እግርም ሳይታወቅ ያቃጥላል። ታጥቦ ሲያበቃ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በደንብ ያድርቁ። ተረከዙንና ውስጥ እግሩን ቫዝሊን ወይም ሌላ ቅባት ይቀቡ፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀቡ፤ እርጥበቱ ፈንገስ ይጋብዛል።

ቀጥሎ ይመልከቱ። ውሃ የቋጠረ፣ የተሰነጠቀ፣ የጠነከረ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ቦታ አለ? ብቻውን የሚኖር ሰው መስታወት መሬት ላይ አድርጎ ውስጥ እግሩን ማየት፣ ወይም በስልኩ ፎቶ ማንሳት ይችላል። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት በቀላሉ ስለማይታይ በእጅዎ ጀርባ ሁለቱንም እግሮች ይዳስሱ። አንደኛው ከሌላው የሚሞቅ ከሆነ ልብ ይበሉ።

ጥፍር በቀጥታ ይቆረጥ እንጂ ጥጉ ድረስ አይገባ። የጠነከረ ቆዳ በምላጭ አይነካ። የውበት ሳሎን የሚሄዱ ከሆነም የስኳር ሕመም እንዳለብዎት አስቀድመው ይናገሩ፤ ምላጭና መፋቂያ እንዳይጠቀሙ ይጠይቁ።

ጫማ፣ ካልሲና ባዶ እግር

ጫማ ሲገዙ ከሰዓት በኋላ ይሂዱ፤ እግር ቀኑን ሲውል ያብጣልና። የጫማው ውስጥ ከእግሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይርዘም፣ ጣቶቹንም አይጭመቅ። አዲስ ጫማ መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ አድርገው ያውልቁና እግሩን ይፈትሹ። ውጭ ያሉ ልጆች በግምት ጫማ ገዝተው መላክ ይወዳሉ። ከመግዛታቸው በፊት ወላጅዎን ወረቀት ላይ ያቁሙና የሁለቱንም እግር ዙሪያ በእርሳስ ስለው ልኩን ይላኩላቸው።

ጫማ ከማድረግ በፊት እጅን አስገብቶ መፈተሽ፣ ማራገፍም ልማድ ይሁን። ካልሲው ንጹሕ፣ ላስቲኩ የማያጠብቅ፣ ቢቻል ነጭ ይሁን፤ ደም ወይም መግል ቶሎ ይታይበታል። ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር አይሂዱ። ከሰል ምድጃ አጠገብ እግርን ማሞቅም ይቅር።

ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጫማ ይወልቃል። ወፈር ያለ ካልሲ ያድርጉ፣ ፀሐይ ያጋለውን ድንጋይ ይሽሹ፣ ቤት ሲመለሱም እግርዎን ያገላብጡ።

ቤት ውስጥ የሚደረግ ፈተና

ይህ ዘዴ በእንግሊዝ ሀገር ኢፕስዊች ከተማ የተጀመረ ሲሆን መሣሪያ አያስፈልገውም።

• ታማሚው ዓይኑን ይጨፍን።
• የሁለቱንም እግሮች አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት ጫፍ በየተራ በጣትዎ ጫፍ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ብቻ ለስለስ አድርገው ይንኩ። አይጫኑ፣ አያሹ።
• ታማሚው በተነካ ቁጥር «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበል።
• ከስድስቱ ንክኪዎች ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰሙት ስሜቱ ቀንሶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ሁሉም ቢሰማ እንኳ የሐኪም ምርመራን አይተካም።

ነገ የማይባልበት ጊዜ

ቁስል፣ ውሃ የቋጠረ ነገር፣ መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ የጠቆረ ጣት ወይም ድንገተኛ እብጠት ካዩ ባያምም በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። ትኩሳት ከተጨመረበት አንዲት ሌሊት አይደር። ቁስል ሳይኖር አንድ እግር ብቻ ካበጠና ከሞቀም አይርገጡበት፤ አጥንቱ ሳይታወቅ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። እስኪሄዱ ድረስ ቁስሉን በንጹሕ ውሃ አጥበው በንጹሕ ጋዝ ይሸፍኑ። የቡና ዱቄት፣ ቅቤ ወይም ቅጠል አይነስንሱበት።

ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ላለማስጨነቅ ቁስላቸውን ይደብቃሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን እነርሱው ናቸው ያስተማሩን። ስለዚህ «አመመዎት ወይ?» ከማለት ይልቅ «እስቲ እግርዎን ልይ» ይበሉ።

እግር ምንም ባይኖረው እንኳ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በሐኪም መታየት አለበት፤ ስሜቱ የቀነሰ ወይም ቀድሞ የቆሰለ ደግሞ ቶሎ ቶሎ። የሚቀጥለው የክትትል ቀን ሲደርስ አብረው ይሂዱ። ሐኪሙ ሥራ ቢበዛበት እንኳ እግሩን ሳያይ እንዳይቀር፣ ገብተው እንደተቀመጡ ጫማና ካልሲ ይውለቅ።