ኮርቻው ሲወርድ

ጥር ሲቃረብ እንጅባራ በምሠራበት ክሊኒክ በር ላይ ፈረስ ይበዛል። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነውና ባለፈረስ ሁሉ ከሜዳው በፊት ፈረሱን ሊያሳይ ይመጣል። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ሰው ግላሱንና የአንገት ጌጡን ያደንቃል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ኮርቻውን አስወርዳለሁ። ገጣባ ያለው እዚያ ሥር ነው።

በቀደም አንድ ወጣት ዳማ ፈረሱን ይዞ መጣ። ቁስሉን ሳጥብለት ስልኩ ላይ የድሮ የቦክስ ግጥሚያ ያያል። «ዶክተር፣ ፎርማን እኮ ከአሊ የበለጠ ይመታል፤ ታዲያ ሰው ለምን አሊን ወደደ?» አለኝ።

ጥያቄው ያዘኝ። እ.ኤ.አ. በ1974 ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማን የ25 ዓመት ጎረምሳ፣ በ40 ግጥሚያ ያልተሸነፈ ሻምፒዮን ነበር፤ መሐመድ አሊ 32 ሞልቶታል። ፎርማን ግን ከአውሮፕላን ሲወርድ ትልቅ የጀርመን ውሻ አስከትሎ ነበር። ለእሱ ወዳጁ ነው። ለኮንጎ ሰው ግን የቤልጅግ ቅኝ ገዢዎች ፖሊስ በሕዝቡ ላይ ይለቀው የነበረው ውሻ ነው። ከእንስሳ ጋር የምውል ሰው ስለሆንኩ ይህ ታሪክ ከአእምሮዬ አይወጣም፤ ሰው ከጎኑ ባቆመው እንስሳም ይወደዳል፣ ይጠላል። አሊ ደግሞ በመንደሩ እየሮጠ ከሕፃናቱ ጋር ሲጫወት ሰነበተ። ግጥሚያው ላይ ገመዱን ተደግፎ ያን ሁሉ ዱላ ሲቀበል ሕዝቡ ሰጋለት። በ8ኛው ዙር ፎርማንን ሲጥለው ድሉ የሁሉም ሆነ። እኔ እንደሚመስለኝ ተመልካች ልቡን የሚሰጠው ለሰጋለት ሰው ነው። ፎርማን ራሱ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ45 ዓመቱ ማይክል ሙረርን ጥሎ ቀበቶውን ሲመልስ ዓለም ወዶታል፤ ያን ጊዜ ሰባኪ፣ ፈገግታ የማይለየው ጎልማሳ ነበር።

በእኛም አገር ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። የሰውየው ስም ከእንስሳው አይለይም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበራችንም አድዋ ላይ ከአርበኛው ጋር የዋለውን ፈረስ ይዘክራል።

አንድ ዓመት ጉግስ ላይ አንድ ጎልማሳ ከነፈረሱ ሲወድቅ አይቻለሁ። ሜዳው ጸጥ አለ። ሰውየው ተነሣ፤ ልብሱን እንኳ ሳያራግፍ ተንበርክኮ የፈረሱን የፊት እግሮች ከጉልበት እስከ ሰኮና ዳበሰ፤ ደህና መሆኑን ሲያይ ግንባሩን ሳመው። ያን ጊዜ የተነሣው እልልታ ዛሬም ይሰማኛል። የዚያን ቀን ማን እንዳሸነፈ ግን ረስቼዋለሁ። እዚህ ሜዳ የሚቆመው ሰው ፈረስ ያሳደገ ነው፤ ጅራፍ ያበዛውን፣ ልጓም አጥብቆ አፉን ያደማውን ከሩቅ ይለያል።

ይህንን ለወጣቱ ነገርኩት። ከዚያ የሚከብደውን ጨመርኩ፤ «ይህ ጀርባ እስከ ጥር 23 አይድንም። ዘንድሮ አትጫነው።»

ዝም አለ። ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው ቀን ነው፤ አሳዘነኝ። ስልኩን ኪሱ ከተተ። ኮርቻውን አንሥቶ በራሱ ትከሻ ላይ አደረገ፣ ዛቡን በግራ እጁ ያዘና በዳንግላ መንገድ ከፈረሱ ጎን በእግሩ ሄደ።