ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ለገጠር ትምህርት ቤቶች፦ ከልገሳው ባሻገር ምን ያስፈልጋል?

ባሕር ዳር፦ ኅዳር 8/2018 ዓ.ም

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ መርሐ ግብርም ወጣቶች የፕሮግራሚንግና የዳታ ሳይንስ ሥልጠና በኢንተርኔት ያለ ክፍያ እንዲወስዱ ዕድል ከፍቷል። ኮምፒውተር ነክቶ ለማያውቅ የገጠር ተማሪ ግን ሁለቱም ሩቅ ናቸው። ይህን ክፍተት በአነስተኛ ወጪ ለማጥበብ ከሚያግዙ መንገዶች አንዱ ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን አድሶ ለትምህርት ቤቶችና ለወጣት ማዕከላት ማድረስ ነው።

እድሳቱ እንዴት ይከናወናል?

በቅድሚያ የቀድሞው ባለቤት መረጃ ዳግም እንዳይነበብ ተደርጎ ይጠፋል። ባትሪውና ኃይል መሙያው ከተፈተሹ በኋላ ራም ይጨመራል፤ ነባሩ ሃርድ ዲስክም በፈጣኑ ኤስኤስዲ ይተካል። እነዚህ ሁለት ለውጦች ብቻ ዐሥር ዓመት ገደማ ያገለገለን ኮምፒውተር ለጽሑፍ ሥራና ለፕሮግራሚንግ ትምህርት ብቁ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4/2018 ዓ.ም አቁሟል። ዊንዶውስ 11ን መጫን የማይችሉ፣ ነገር ግን ምንም ብልሽት የሌለባቸው በርካታ ኮምፒውተሮች በነጻ በሚገኘው ሊኑክስ ሥራቸውን መቀጠል ይችላሉ።

ኢንተርኔት በሌለበትስ?

ኮሊብሪ እና ኪዊክስ የተሰኙት ነጻ ሶፍትዌሮች አስቀድመው የተጫኑ ትምህርቶችንና ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያቀርባሉ። ይዘቱ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ከተቀመጠ ሌሎቹ በክፍሉ ውስጥ በተዘረጋ ዋይፋይ ይጋሩታል።

የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቆራረጥበት አካባቢ ላፕቶፕ ተመራጭ ነው። የሚጠቀመው ኃይል ከዴስክቶፕ እጅግ ያነሰ በመሆኑ በፀሐይ ኃይል ለማሠራት ይቀላል፤ መብራት ሲጠፋም በባትሪው ይቆያል።

ከመረከብ በፊት

ምርጥ ዘር ያለ ማዳበሪያና ያለ ግብርና ባለሙያ ምክር የሚጠበቀውን ምርት እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ኮምፒውተርም ያለ አሠልጣኝና ያለ ጥገና በመጋዘን አቧራ ይለብሳል። እንደ ተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት በ2022 እ.አ.አ በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የተመነጨ ሲሆን፣ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ልገሳው ጥንቃቄ ከጎደለው ለጋሹ የጣለውን ቆሻሻ ወደ ገጠር ማዛወር ይሆናል።

ስለዚህ ተቀባዩ ትምህርት ቤት ከመረከቡ በፊት አራት ነገሮችን ማረጋገጥ ይኖርበታል፦ እያንዳንዱ መሣሪያ ተፈትሿል? መለዋወጫ ከየት ይገኛል? ማን ያስተምራል? ዕድሜው ሲያበቃስ ማን ይረከበዋል?

በአቅራቢያው ከሚገኝ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ጋር መተሳሰር ለጥገናው ጥያቄ መልስ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተር ፈትቶ መግጠምን የተማረ ወጣት የትምህርት ቤቱን መሣሪያዎች በሥራ ላይ ከማቆየቱም በላይ በአካባቢው ከተማ ሠርቶ የሚያድርበት ሙያ ይጨብጣል።