ልምምዱ ሲያልቅ ልጅዎን ማን ይሸኛታል?

ልጅዎ ቴአትር ቡድን ገባች እንበል። ወይም ሠርግ ላይ በሚጫወት የባህል ባንድ ውስጥ መወዛወዝ ጀመረች። መቐለ ውስጥ ከሆኑ ነገሩ እንግዳ አይሆንብዎትም። ነሐሴ 16 አሸንዳ ሲገባ ከበሮ ያልነካች ልጅ ማግኘት ይቸግራል፤ ከዚያ አንዱ ያያትና «ድምፅሽ ደስ ይላል፣ ክሊፕ እየሠራን ነው፣ መጥተሽ ሞክሪ» ይላታል። እየሮጠች መጥታ ትነግርዎታለች። በዚያች ቅጽበት ኩራትና ፍርሃት አንድ ላይ ይመጡብዎታል።

ብዙ ወላጅ ፍርሃቱን በአንድ ቃል ይገላገለዋል፦ «አይሆንም!» ቃሉ የራሱ ታሪክ አለው። በአገራችን የዘመናዊ ቴአትር መጀመሪያ ላይ ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ስለነበር የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ገና ይህ ዘመን አላለፈም። በኋላ ክራሯን ይዛ የወጣችው አስናቀች ወርቁና መሰሎቿ በራቸውን ራሳቸው ነው የከፈቱት። ዛሬ ስማቸውን በክብር እናነሣለን። በዘመናቸው ግን «አዝማሪ» የሚለው ቃል ሲጣልባቸው ምን ማለት እንደነበር አንባቢ ያውቀዋል።

ያ አመለካከት ሙሉ በሙሉ አልሄደም። የሚያስከፍለውም ዋጋ እዚህ ላይ ነው፦ በልምምድ ቦታ ክፉ ነገር የገጠማት ልጅ ቤት ስትመጣ የሚጠብቃት የመጀመሪያ ምላሽ «እኔ መጀመሪያውኑ ነግሬሽ ነበር» ከሆነ አትናገርም። የሚያስቸግራት ሰው ደግሞ ይህንን ያውቃል። ከእርስዎ ቤት የሚወጣው ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ከማንም በላይ የሚጠብቀው እሱን ነው።

የመድረክ ሥራ ከቢሮ ሥራ የሚለይበት ነገር አለ፤ ሳያውቁት «ትንኮሳ ነው፣ አይደለም» ብሎ መከራከር አይጠቅምም። መሣሪያው የራስ አካል ነው። አሠልጣኙ ትከሻዋን ይዞ አቋቋሟን ያስተካክላል፤ ሥራ ነው። ዳይሬክተሩ «ከእሱ ጋር ተቃቀፊ፣ ታሪኩ እንደዚያ ነው» ይላታል፤ ይህም ሥራ ሊሆን ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው መነካቱ አስቀድሞ ካልተነገራት፣ ትዕይንቱ ካለቀም በኋላ እጁ ካልተነሣ ነው። «ተዋናይ ዓይን አፋር አይሆንም» የምትባል አባባል አለች። ጥሩ ዳይሬክተር ልጅቱን ለማደፋፈር ይላታል፤ መጥፎውም ይላታል። ገና 19 ዓመት የሆናት ልጅ ሁለቱን መለየት ያቅታታል። ለምን አያቅታት?

ሥልጣኑ ደግሞ የተጠራቀመው በአንድ ሰው እጅ ነው። ጽሑፉን የጻፈው፣ ገንዘቡን ያመጣው፣ ሚናውን የሚያድለው፣ ክፍያውን የሚቆጥረው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ውል በቃል ነው። ሥራው ከመሸ ነው። ወደ ሌላ ከተማ ጉዞ ሲኖር ማን ከማን ጋር እንደሚያድር የሚወስነው ያው ሰው ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ይተዋወቃል፤ ከአንዱ ጋር የተጣላች ልጅ «አስቸጋሪ ናት» ተብላ በሌላውም ዘንድ ትቀራለች።

ደንበኛውንም አንርሳ። በባህል ምግብ ቤቶች ሽልማት ግንባር ላይ የመለጠፍ ልማድ አለን። ሲያምር ደስ ይላል። ግን ብሩ ከግንባር ወደ አንገት፣ ከአንገት ወደ ደረት ሲወርድ የታዘብን ሁላችን በጠረጴዛችን ላይ አንገታችንን ደፍተን ምግባችንን ቀጥለናል። ሽልማቱን የሚቀበል አንድ ሰው ማቆም ወይም መድረኩ ፊት መሶብ ማስቀመጥ ለቤቱ ባለቤት ምንም አያስወጣውም። እስኪ በሚቀጥለው ሲሄዱ ይጠይቁት።

ይህ የእኛ ብቻ ገበና አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 የሆሊውዱ ፕሮዲዩሰር ሃርቪ ዋይንስቲን ጉድ ሲወጣ ለዓመታት ያወቁ ብዙዎች ዝም ብለው እንደነበር ታየ። በቺካጎ ግን ትንንሾቹ ቴአትር ቤቶች ከዚያ ቀድመው እንቅስቃሴ ጀምረው ነበር። እዚያ አንድ ቴአትር ቤት ውስጥ ለዓመታት የቆየ በደል እ.ኤ.አ. በ2016 በጋዜጣ ወጥቷል፤ የከተማዋ የመድረክ ሰዎችም ተሰባስበው አንድ የአሠራር ሰነድ አዘጋጅተዋል። ሰነዱ ለእኛ የሚጥመን ከሠራተኛ ማኅበር ውጭ ያሉትን፣ ገንዘብ የሌላቸውን ቡድኖች ስለሚያስብ ነው። ተዋንያኑ ከመካከላቸው አንድ ተወካይ ይመርጣሉ፤ ቅሬታ ያለው ለዳይሬክተሩ መናገር ካልፈለገ ለተወካዩ ይነግራል። ቅሬታው ከእሱ ቀጥሎ ለማን እንደሚሄድ በስም ተጽፎ ለሁሉም ይሰጣል። መነካካት ወይም መሳሳም ያለበት ትዕይንት ካለ ገና ለሚናው ስትፈተን ይነገራታል። ከዚያ ወዲህ በትልልቆቹ የፊልምና የቴሌቪዥን ሥራዎች እንዲህ ያለውን ትዕይንት ልክ እንደ ውዝዋዜ በእንቅስቃሴ በእንቅስቃሴ ቀምሮ የሚያለማምድ ባለሙያ መቅጠር ተለምዷል። እኛ ዘንድ ባለሙያው ባይኖር እንኳ «እጅህ እዚህ ያርፋል፣ ከዚህ አያልፍም» ብሎ በሁለቱም ፊት መነጋገር ባለሙያ አይጠይቅም።

ሕጉስ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ወሲባዊ ትንኮሳንና ወሲባዊ ጥቃትን በስም ጠርቶ በሥራ ቦታ ከልክሏል። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ይህን ከፈጸመ ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለቅቃ ከስንብት ክፍያዋ በተጨማሪ የ90 ቀን ደመወዟን ካሣ መጠየቅ ትችላለች። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ሥራ የመልቀቅ መብቷ ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ ከ15 የሥራ ቀናት በኋላ ይቀራል። አጭር ነው። አንዲት ልጅ ለእናቷ ለመንገር ብቻ ከዚያ በላይ ትወስዳለች።

ሌላም ክፍተት አለ። አዋጁ ትንኮሳን የሚተረጉመው በንግግር፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ ሰውን ያለ ፍላጎቱ ለወሲብ ማግባባት አድርጎ ነው። ስለ ሰውነቷ በልምምድ መሐል የሚወረወረው ቀልድ በዚህ ትርጉም ውስጥ በቀላሉ አይገባም። በራሷ ኃላፊነት በየዝግጅቱ እየተከፈላት የምትሠራ አርቲስትም «ሠራተኛ አይደለሽም» ልትባል ትችላለች። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በዚያው ዓመት ያጸደቀው 190ኛው ስምምነት በዚህ ረገድ ሰፋ ይላል፤ ተለማማጁን፣ በጎ ፈቃደኛውን፣ ገና ሥራ የሚፈልገውን ሁሉ ይጨምራል፤ የሥራ ጉዞንና አሠሪው የሚያዘጋጀውን ማደሪያ ጭምር።

የወንጀል ሕጉ ግን «ተቀጣሪ ነሽ ወይ» ብሎ አይጠይቅም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በአንቀጽ 625 የሴትን ችግር፣ ወይም እንደ አሠሪ፣ እንደ አስተማሪና እንደ መሰል ባለሥልጣን በእሷ ላይ ያለውን ኃይል መጠቀሚያ አድርጎ ወሲብ የፈጸመባትን በእስራት ይቀጣል። «ሚናውን ከፈለግሽ…» የሚለው ወሬ መድረሻው እዚህ ነው። ጉዳዩ የሚታየው ግን እሷ ስታመለክት ነው። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ሴት ብቻ መሆኑም ይቆጨኛል፤ ወንዶች ልጆቻችንም ባንድና ውዝዋዜ ውስጥ አሉ፤ እነሱ ሲነኩ ዝምታው ይብሳል።

ልጅዎ ገና ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ፈቃደኛ ነበረች ማለት አዋቂውን ከወንጀል አያወጣውም፤ ደቀ መዝሙሩ ወይም በእሱ ሥር ያለች ከሆነች ቅጣቱ ይከብዳል። ሥራውንም በተመለከተ ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያሉት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዲሠሩ አይፈቀድም። የምሽት መድረክ የሚሞቀው ደግሞ ልክ ከ4 ሰዓት በኋላ ነው።

መቐለ ላይ ይህን ጉዳይ ማንሣት ሌላ ክብደት አለው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት በሴቶች ላይ የደረሰውን እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ብዙ ቤት ያውቀዋል። ከዚያ ሁሉ በኋላ «ዳይሬክተሩ ጭኔን ነካኝ» የምትል ልጅ የራሷን ነገር ራሷ ታሳንሰዋለች፤ ሰሚውም «ከዚያ የባሰ አይተናል» ይላል። የባሰ መታየቱ ይህኛውን ትንሽ አያደርገውም። ደግሞም ጦርነቱ ሥራ አሳጥቶ፣ ትምህርት አቋርጦ የተዋቸው ልጆች ለአንድ ምሽት ክፍያ እምቢ ለማለት አቅማቸው ቀንሷል፤ ይህን የሚያሰላ ሰው አይጠፋም።

እና ምን ያድርጉ? ቡድኑን ሄደው ይዩት። እንደ ፖሊስ ሳይሆን የልጅዎን ሥራ ለማየት እንደመጣ ዘመድ፣ ዳቦ ይዘውም ቢሆን። የሴቶች ልብስ መቀየሪያ በሩ ይዘጋል ወይ? ልምምዱ የሚካሄደው የት ነው፤ አዳራሽ ነው ወይስ የአንድ ሰው ቤት? በጉዞ ላይ ሴቶች ለብቻቸው ያድራሉ? ቅሬታ ቢኖር ከዳይሬክተሩ ሌላ ለማን ይነገራል? ይህን ሲጠይቁ የሚቆጣ ኃላፊ ብዙ ነገር ነግሮዎታል። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ገና አላሰብንበትም» የሚል ካለ ግን ሰውየው አብሮ የሚሠራ ነው፤ ደንቡን በአንድ ገጽ አብረው ይጻፉትና በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ጮክ ተብሎ ይነበብ።

ክፉው ከደረሰ ሰዓት ዋጋ አለው። አስገድዶ መድፈር ከሆነ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ቤት፣ ልብሷ ሳይታጠብ። በዓይደር ሆስፒታል ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍንና የሕግ እርዳታን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። ከዚህ በታች ለሆነው ደግሞ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃልና ማን እንደነበረ በዚያው ማታ በደብተር ይጻፉ፤ የስልክ መልእክቶችን አያጥፉ፤ ልጅቱ ሳትፈቅድም ቡድኑ ጋ ሄደው አይጩኹ። ጉዳዩ የእሷ ነው።

የማታውን ባጃጅ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ መወሰን ይቻላል። ከሮማናት ወደ ዓዲ ሓቂ የሚሄዱ ሦስት ልጆች ካሉ ሦስቱ ቤተሰቦች ተዋውቀው፣ አንድ የሚታወቅ ባለባጃጅ ይዘው፣ ሒሳቡን መካፈል ነው። ዳይሬክተሩ «እኔ በመኪናዬ አደርሳታለሁ» ሲል «እግዜር ይስጥልኝ፣ ባጃጇ ደጅ ቆማለች» ለማለት ያስችላታል።