«ወባው ምርመራውን ለመደው» ሲባል



እዚህ ጳውሎስ የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ያደግኩት ከሚሴ ነው። ዶርም ውስጥ የምታወቀው በመንዙማ ነው፤ ሳጠናም፣ ልብስ ሳጥብም ከአፌ አይጠፋም። «የተፈጥሮ ምርጫ» የሚባለውን ትምህርት ያስረዳኝም ይኸው መንዙማ ስለሆነ ላካፍላችሁ።

መንዙማን ብዙዎቻችን የተማርነው በጆሮ ነው። ከአንድ ሸህ የሰሙ ልጆች ሲደግሙት አንዱ ስንኝ ይዘላል፣ ሌላው ዜማውን ያዘገያል። ከእነሱ የሚማሩትም የሰሙትን ይዘው ይሄዳሉ። በሐድራው ጀመዓው የወደደው ይደጋገማል፣ ሌላው ይረሳል። ከዓመታት በኋላ ማንም «ልለውጠው» ሳይል መንዙማው ተለውጦ ይገኛል። የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ልዩነት፣ ውርስና ምርጫ።

ወደ ወባ እንምጣ። በጤና ኬላ ጣታችንን ተወግተን ስናደርገው የኖርነው ፈጣን ምርመራ፣ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ የሚያመርተውን ኤች አር ፒ 2 የተባለ ፕሮቲን ይፈልግ ነበር። ተሕዋሱ ሲራባ ዘረመሉን ይገለብጣል፤ አልፎ አልፎም ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ክፍል ይጎድላል። ፕሮቲኑ ያለው ተሕዋስ በምርመራ ይገኛል፣ በመድኃኒትም ይሞታል። የሌለው ግን «ኔጌቲቭ» ተብሎ ከታማሚው ጋር ቤት ይመለሳል፤ ትንኟም ለጎረቤት ታደርሰዋለች።

ይህ የመጽሐፍ ምሳሌ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ ላይ የወጣ ጥናት በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን አካቶ ነበር። ፋልሲፓረም ከያዛቸው ሰዎች 9.7 በመቶ ያህሉ በዚሁ ምክንያት ከምርመራው እንደሚያመልጡ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥሩ ከ5 በመቶ ሲያልፍ የምርመራው ዓይነት እንዲቀየር ይመክራል።

«ወባው ምርመራውን ለመደው» ስንል ተሕዋሱ ብልጠት የተማረ ይመስላል። አንዱም አልተማረም። ቀድሞውኑ የተለየው ተረፈ፣ ዘሩም በዛ። በሐድራው መራጩ ጀመዓው ነበር፤ እዚህ ደግሞ ሳናስበው የመረጥነው እኛው፣ በምርመራችንና በመድኃኒታችን ነን።

ለእረፍት ወደ ቆላው የምትሄዱ፣ ቤተሰብ ትኩሳት ይዞት ፈጣኑ ምርመራ «የለም» ቢል ነገሩ እዚያ አያብቃ። ሳትዘገዩ ደሙ በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ኢንሻአላህ በሰላም ያገናኘን። ወሰላሙ ዐለይኩም።