«ቁጭ በይ እማዬ፣ እኔ አመጣልሻለሁ»

ይህቺን አነጋገር እናንተ ቤት በቀን ስንት ጊዜ ትሏታላችሁ? እኛ ቤት ሃያ ጊዜ ሳትሞላ አትቀርም ነበር። እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትነሳ «ቁጭ በይ»፣ ሽንኩርት ልትልጥ ስትል «ተዪው፣ እኔ አለሁ»፣ ካፖርቷን ስታነሳ «ብቻሽን የት ልትሄጂ? ቅዳሜ እኔ እወስድሻለሁ»። ክፋት የለበትም፤ ያደግንበት ወግ ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው ያልተነሳ፣ እናቱ ዕቃ ተሸክማ እያየ ዝም ያለ ልጅ ባለጌ ይባላል። ግን እኮ እናቴን ከወንበር እንዳትነሳ ያደረግናት እኛው፣ በዚሁ አክብሮታችን ነው። ላጫውታችሁ።

እናቴ ለንደን የገባችው በ1990ዎቹ ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ብዙ ዓመት ሲቲ ውስጥ ቢሮ ስታጸዳ ኖራለች። እኛ ገና ተኝተን ሳለ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ኤን 29ን፣ የሌሊቱን ባስ፣ ይዛ ትሄድና እኛን ትምህርት ቤት ለማድረስ ትመለሳለች። የካውንስሉን ደብዳቤ፣ የመብራቱን ቢል፣ የአስተማሪዎቹን ስብሰባ፣ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዋ ሁሉንም ብቻዋን ነው የተወጣችው። ዛሬ 78 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በብርዱ ወራት ከባዝ ስትወጣ አዳለጣትና የእጇ አንጓ ተሰበረ። ሆስፒታል ሳለች ደግሞ ሳንባዋን አመማትና ዘጠኝ ቀን ተኛች።

ወደ ቤት ስትመለስ ልጆቿ ተሰብስበን «ከእንግዲህ እማዬ አርፋ ትቀመጥ» ብለን ወሰንን። አልጋዋን ወደ ሳሎን አወረድነው። ቡናው ይፈላላታል፣ ምግቡ ይቀርብላታል፣ ሪሞቱ በእጇ ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ ሰው ካልደገፋት ከሶፋው መነሳት አቃታት። የተሰበረው እጇ ነበር፤ እምቢ ያላት ግን እግሯ ነው። ቤት መጥታ ያየቻት ፊዚዮቴራፒስት አንድ ነገር ጠየቀችን፦ «በቀን ስንት ጊዜ ከተቀመጠችበት ትነሳለች?» እርስ በርስ ተያየን። መልሱን የሚያውቅ አልነበረም። «ከመውደቋ በፊት ምን ምን ትሠራ ነበር? ያንኑ መልሱላት» አለችን።

ነገሩ የእኛ ቤት ብቻ አይመስለኝም። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በተማሪነትና በስደት የመጡት፣ ከዚያም ደርግ ከወደቀ በኋላ የተከተሉት ወላጆቻችን ዛሬ ሰባና ሰማንያ እየገቡ ነው። ለንደን ውስጥ የሚያረጅ ትውልድ ሲኖረን ይህ የመጀመሪያው ነው ማለት ይቻላል፤ እንዴት እንደሚታረጅ ያሳየን የለም። አገር ቤት አያት ቁጭ ብትልም ግቢ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ለቅሶና ማኅበር አለ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በእግር ይሄዳሉ። ሳይታወቃቸው ቀኑን ሙሉ ይንቀሳቀሳሉ። እዚህ ግን ሁላችን ጠዋት ወጥተን ማታ ስንመለስ፣ «ቁጭ በይ» ያልናት እናት ካለችበት ፎቅ ሳትወርድ ቀኑ ይመሻል። ሊፍቱ ከተበላሸማ አለቀ።

የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት እንደሚለው ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ ሦስት ሰዎች አንዱ ያህል፣ ከ80 በላይ ከሆኑት ደግሞ ግማሾቹ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይወድቃሉ። ታዲያ ከውድቀቱ ባልተናነሰ የሚጎዳው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፍርሃት ነው። የፈራ ሰው ይቀመጣል፣ የተቀመጠ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ጡንቻው የሟሸሸ እንደገና ይወድቃል። ደግነቱ፣ ጡንቻ በ80 ዓመትም ቢሆን ካሠሩት ይመለሳል። የአገሪቱ የሕክምና ሹማምንት ለአረጋውያን የሚመክሩት በሳምንት 150 ደቂቃ ትንሽ ትንፋሽ የሚያስቆጥር እንቅስቃሴ፣ በዚያ ላይ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክርና ሚዛን የሚያስጠብቅ ነገር ነው። 150 ሲባል አትደንግጡ፤ በቀን ሃያ ደቂቃ ገደማ ማለት ነው።

ጂም ግቢ ብትሏት እናቴ ትስቅባችኋለች። እኛ የጀመርነው በወንበር ነው። የማይንሸራተት ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፎ፣ በእጅ ሳይገፉ መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፣ አምስት ጊዜ። መጀመሪያ ሁለቱንም እጆቿን ተጠቅማ ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር የቻለችው። ከዚያ ሲንኩን ይዞ ተረከዝን ማንሳትና መመለስ፤ ቡናው እስኪፈላ። ትንሽ ስትጠነክር ደግሞ ሲንኩን እንደያዘች በአንድ እግር መቆም። አጠገቧ ሰው ይቁም፣ እጁን ግን ይሰብስብ። ይሄ ከሁሉም የከበደኝ ነው! እናት ስትታገል እያዩ እጅን መሰብሰብ።

ስግደትም፣ ሶላትም ይቆጠራል። ወርዶ መነሳት ለጭንና ለሚዛን ጥሩ ሥራ ነው፤ ጉልበት የሚያማቸው ወይም ሲነሱ የሚያዞራቸው ግን ወንበር አጠገብ ያድርጉ። ስለ ማዞር ካነሳን፣ ብዙ እናቶቻችን የደም ግፊት ኪኒን ይወስዳሉ። ከአልጋ ሲነሱ ዓይናቸው የሚጨልምባቸው ከሆነ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ጂፒው ወይም ፋርማሲስቱ መድኃኒቶቹን በሙሉ እንደገና እንዲያይ ጠይቁ፤ ግፊቱንም ተቀምጠው ብቻ ሳይሆን ቆመውም ይለካላቸው። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ ጾም ሳይገባ አስቀድመው ሐኪሙንም፣ የንስሐ አባታቸውን ወይም ኢማሙንም ያነጋግሩ። ቪታሚን ዲም አለ። የለንደን ፀሐይ ለእኛ ቆዳ ስለማትበቃ፣ ጥቁር ቆዳ ያለን ሰዎች ዓመቱን ሙሉ በቀን 10 ማይክሮግራም መውሰድን እንድናስብበት ይመከራል።

ቤቱን ስትዞሩት የሚጥለው ነገር ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። እኛ ቤት ጥፋተኛዋ ሳሎን በር ላይ የተነጠፈች ትንሽ ምንጣፍና ተረከዝ የሌላት ሸበጥ ነበሩ። ረጅም ቀሚስ ደረጃ ላይ ጫፉ ይረገጣል፤ ሁለት ጣት ያህል ማሳጠር ይበቃል። ሌሊት ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ላይ የምትበራ ትንሽ መብራት ሶኬት ላይ ሰኩ። ባዝ ውስጥ ግን ፎጣ መስቀያውን መያዝ አይሆንም፤ የሰው ክብደት አይችልም። እዚያ በባለሙያ የተገጠመ መያዣ ብረት ያስፈልጋል።

ያንን ብረት ደግሞ በኪሳችሁ መግዛት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። በ2014ቱ የእንክብካቤ ሕግ መሠረት፣ እርዳታ የሚያስፈልገው ለሚመስል ለማንኛውም አዋቂ ሰው ካውንስሉ የፍላጎት ግምገማ የማድረግ ግዴታ አለበት። ግምገማው በነፃ ነው። ለካውንስላችሁ የአዋቂዎች ማኅበራዊ እንክብካቤ ክፍል ደውላችሁ ለእናታችሁ «ኬር ኒድስ አሰስመንት»፣ ለራሳችሁ ደግሞ «ኬረርስ አሰስመንት» ብላችሁ ጠይቁ። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ቤት ድረስ መጥቶ ያያል። ያስፈልጋል ከተባለ፣ እያንዳንዳቸው እስከ 1,000 ፓውንድ የሚያወጡ መርጃዎችና ትንንሽ ማስተካከያዎች በእንግሊዝ በነፃ ይሰጣሉ። ባዙን አውጥቶ ሻወር ማስገባትን ለመሰለ ትልቅ ሥራ እስከ 30,000 ፓውንድ የሚደርስ ድጎማ አለ፤ እሱ ግን ገቢንና ቁጠባን ያያል። ወረፋው ሊረዝም ስለሚችል ሰው እስኪወድቅ አትጠብቁ።

አሁን የግምገማው ቀን መጣ እንበል። እዚህ ላይ ነው እኛ የምንሸነፈው። ሴትዮዋ ፎርሟን ይዛ ትገባለች፣ «እንዴት ነሽ?» ትላለች። እናቴ፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» ሴትዮዋ ትጽፋለች። «መታጠብ ትችያለሽ?» «እችላለሁ፣ ተመስገን።» ትጽፋለች። «ምግብ ማብሰል?» «ምን ይጠየቃል! ይልቅ ተቀመጪ፣ ቡና ላፍላልሽ።» ሴትዮዋ ሄደች። በኋላ የመጣው ደብዳቤ ብዙም እርዳታ አያስፈልጋትም የሚል ነበር። ሴትዮዋ አልዋሸችም፣ እናቴም አልዋሸችም። በእኛ አነጋገር «ደህና ነኝ» ምስጋና ነው፤ በእነሱ ፎርም ላይ ግን መልስ ነው። ለእንግዳ ችግር መዘርዘር ነውር ነው ብላ ያደገች ሴት፣ ለመታጠብ ሦስት ሩብ ሰዓት እንደሚፈጅባት፣ ፈርታም በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ እንደምትታጠብ እንዴት ትናገር?

ሁለተኛ ስናመለክት ተዘጋጀን። ከሳምንት በፊት ጀምረን በማስታወሻ ደብተር ጻፍን፦ ማክሰኞ ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሳች፣ ግድግዳ ይዛ። ረቡዕ የእንጀራ ምጣዱን ማንሳት አልቻለችም። ሐሙስ ደረጃ መሃል ቆማ አረፈች። ለእማዬም አስረዳናት፦ «ስለ ጥሩው ቀን አይደለም የሚጠይቁሽ፤ ስለ ክፉው ቀን ነው። ይሄ ማማረር አይደለም።» አስተርጓሚም ጠየቅን። ለሕክምና ቀጠሮም በነፃ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ቀጠሮውን ስታስይዙ «አማርኛ» በሉ። እባካችሁ የአሥር ዓመት ልጅ ስለ አያቱ ገላ እንዲያስተረጉም አታድርጉት።

አቴንዳንስ አላዋንስንም በዚሁ ደብተር ሞላነው። ይህ ለመንግሥት ጡረታ ዕድሜ ለደረሱ፣ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት እርዳታ ወይም ክትትል ለሚያስፈልጋቸው የሚከፈል ሳምንታዊ ገንዘብ ነው። ገቢና ቁጠባ አይታይበትም፤ የሚያስታምም ሰው መኖሩም ግዴታ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ስድስት ወር መቆየት አለበት። «ልመና ነው» የሚሉ አባቶች አጋጥመውኛል። አርባ ዓመት ግብር የከፈለ ሰው ምኑ ላይ ነው የለመነው? ብቻ አንድ ጥንቃቄ፦ ቪዛቸው ላይ የመንግሥት ድጎማ እንዳይወስዱ የሚከለክል ቃል ያለባቸው ወላጆች ይህን ከማመልከታቸው በፊት የኢሚግሬሽን አማካሪ ይጠይቁ። ፎርም ለመሙላት ኤጅ ዩኬ እና ሲቲዝንስ አድቫይስ በነፃ ያግዛሉ።

ልጆች፣ ይቺ ለእናንተ ናት። አያታችሁ ብትወድቅ ወዲያው ጎትታችሁ አታንሷት። መጀመሪያ የት እንዳመማት ጠይቋት። ጭንቅላቷን ከመታች፣ ወይም ዳሌዋን በጣም ካመማት፣ ወይም መነሳት ካቃታት፣ 999 ደውሉና ብርድ ልብስ አልብሷት፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ያንንም ንገሯቸው። ካላመማት በጎኗ ትዙር፣ ከዚያ በእጅና በጉልበቷ ትሁን፣ እናንተ ወንበር አምጡላት፣ ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ትነሳ። አንድ ቀን ሳትወድቅ አብራችሁ ተለማመዱት። የእኔ ትንሿ ልጅ ራሷ ወዳቂ ሆና ነው ያለማመደቻት፤ ሁለቱም በሳቅ ሞቱ።

እማዬ አሁን 29 ቁጥር ባስ ይዛ ብቻዋን ወጣ ትላለች። የመጀመሪያው ቀን እኔ ከኋላ ባለው ባስ ተከትያታለሁ፣ እንዳትነግሯት። የጡረታ ዕድሜ የደረሰ የለንደን ነዋሪ ፍሪደም ፓስ ያገኛል፤ ከ60 ጀምሮ እስከዚያው በነፃ የሚያስጉዝ ሌላ ካርድ አለ። በሥራ ቀናት ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት፣ በእነሱ 9 ሰዓት ማለት ነው፣ አይሠሩም። «እባክዎ ወንበር ይልቀቁልኝ» የምትለዋን ሰማያዊ ባጅም ከትራንስፖርት ፎር ለንደን በነፃ አስልከንላታል። እስክትቀመጥ ሹፌሩ እንዲጠብቅ ስትገባ መናገርንም ተምራለች፤ «ዌት ፕሊስ» ትላለች፣ ይጠብቃታል።

ያልተሸነፈችልን በአንገት በሚንጠለጠለው የድንገተኛ ጥሪ ቁልፍ ነው። «የላም ደወል» ትለዋለች። ለጊዜው ባዝ ስትገባ ብቻ ታደርጋለች፣ በዚያ ተስማምተናል። እናንተ ቤት እንዲህ ያለ ቁልፍ ካለ የስልክ ኩባንያችሁን ጠይቁ፦ የድሮው የስልክ መስመር እስከ ጥር 2027 ተዘግቶ ሁሉም ወደ ኢንተርኔት ስለሚዛወር፣ አንዳንዱ አሮጌ መሣሪያ ላይሠራ ይችላል።

አሁን ደግሞ ባዝ ከተማ ውሰዱኝ እያለች ነው። መታጠቢያውን አይደለም፣ ከተማውን! ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ እዚያ ነው። ጃንሆይ በ1958 ቤቱን አረጋውያን እንዲኖሩበት ብለው ለከተማዋ ሰጥተውታል። ኋላም ከካሪቢያንና ከሌላም አገር መጥተው እዚያው ያረጁ ሰዎች ቀን ቀን የሚሰባሰቡበት ሆነ። ከፓዲንግተን በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ፍሪደም ፓስ እዚያ ድረስ አይወስድም፤ ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሲንየር ሬይልካርድ ቢያወጣ ግን ከብዙው የባቡር ቲኬት ላይ ሲሶው ይቀነስለታል። ቤቱ ለጎብኚ የሚከፈትበትን ቀን አስቀድማችሁ አጣሩ። ቲኬቱን ማን ይቁረጥ ስንባባል እማዬ «ካርዴን አምጡ፣ እኔው እቆርጣለሁ» አለች።